ክንፌን ስነቀንቅ ሻይ ይጣዳል

የምስክር ስም፦ ቱዳ አይት ኡሃሙ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ
አድራሻ፦ ደቡብ ሞሮኮ፣ ቲንገሩት መንደር፣ ከአውሮፕላን ሜዳው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ቲንገሩት ፖሊስ ጣቢያ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2011

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው እኔ፣ የቲንገሩት አውሮፕላን ሜዳ ኃላፊ የነበሩት ሲ ላህሰን ኡባሱ በትናንትናው ዕለት ስለሞቱበት ሁኔታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ሟችን የማውቃቸው መብረር ሳልችል ጀምሮ ነው። ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በሜዳው ላይ በራዲዮ የሚያነጋግሩት፣ ነፋስ የሚያዩት፣ ፍየል የሚያባርሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በመካከላችን ጠብም ሆነ ዝምድና የለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንበጣ ለመቃኘት ብቻዬን ወጣሁ። አሥር ሰዓት ገደማ የኤሌክትሪክ መለኪያው ቀስት ከዜሮ በታች ወርዶ አየሁት። ዲናሞው ሞቷል ማለት ነው፤ የቀረኝ ባትሪው ብቻ ነው። መብራቱንም ምኑንም አጥፍቼ ራዲዮውን ብቻ ተውኩና "ሲ ላህሰን፣ ዲናሞው አለቀለት፣ እየተመለስኩ ነው" አልኩ። ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ መለሰልኝ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ሞተሩ ያለ ባትሪም ስለሚሠራ አልደነገጥኩም። ራዲዮ የሞተበት አብራሪ የሚያደርገው የታወቀ ነው። በሜዳው ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ክንፉን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል፣ ከታች በእጅ መብራት ምልክት እስኪሰጡት ይጠብቃል። አረንጓዴ ከሆነ ያርፋል፣ ቀይ ከሆነ ይዞራል።

ነገር ግን እኔና እሳቸው ይህን ምልክት ለሌላ ነገር አውለነው ነበር። ስመለስ ክንፌን ከነቀነቅሁ "ሻይ ጣዱ" ማለቴ ነው። ዓመታት ሆኖታል። የጀመርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ተቆጥተውኝ ነበር፤ ኋላ ግን "በይ እሺ፣ ክንፍሽን ሳይ እጥደዋለሁ። ብቻ ራዲዮ ላይ ስለ ሻይ አትለፍልፊብኝ፣ አገር ይሰማል" አሉኝ።

ሜዳው ላይ ደርሼ ክንፌን ነቀነቅሁ። ሲ ላህሰን ከክፍላቸው ወጡ፤ በራዱን ከፍ አድርገው አሳዩኝና ተመልሰው ገቡ። ዞሬ መጥቼ ከበፊቱ አብዝቼ ነቀነቅሁ። በሩ ላይ ብቅ ብለው እጃቸውን አወናጨፉ፤ "ሰማሁ እኮ፣ ምን ያጣድፍሻል" የሚሉ ይመስል ነበር። ሳቄ መጣ። መሳቄም እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።

አቧራ ለማስተኛት ውሃ የሚረጨው ቦቴ ከማኮብኮቢያው ውጭ ቆሞ ነበር። የመመለሻ ሰዓቴ ገና ነበር፤ ሹፌሩ አሁን አትመጣም ብሎ ሥራ ሊጀምር እንደሚችል አላሰብኩም። የነዳጅ መለኪያውም ከሌላው ጋር አብሮ ስለሞተ ብዙ መዞር ፈራሁ። መብራት ሳይታየኝ ለማረፍ ወሰንኩ።

ቀጥሎ ታች የሆነውን የነገረኝ የቦቴው ሹፌር ሞሃ ነው። ማኮብኮቢያው መጨረሻ ላይ ገብቶ እየረጨ ሳለ ሲ ላህሰን መብራቱን ይዘው፣ እየሮጡ መጡ። "ብጠራት ብጠራት ዝም አለች! ሻይ አይደለም የጠየቀችው! ራዲዮዋ ሞቷል፣ ውጣ!" እያሉ ይጮሁ ነበር። ሞሃ ስለ ሻይ የሚሉት ባይገባውም መኪናውን አስነስቶ ወጣ።

እኔ ግን በፍጥነት ነበር የወረድኩት። ሲያርፉ ፍጥነት የሚቀንሰው የክንፍ ታጣፊ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ አልወረደልኝም፤ መሬት የነካሁትም ከወትሮው ቦታ አልፌ ነው። ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ነበረች። ፍሬን ብይዝ ጭቃው አንሸራተተኝ። ያን ጊዜ ሲ ላህሰንን አየኋቸው። ማኮብኮቢያው ላይ ቆመው አረንጓዴውን መብራት ያሳዩኛል። ቦቴው ስለወጣ መንገዱ ነፃ ነው ማለታቸው ነው። ራሳቸውን አልቆጠሩም። ወደ ዳር ሊወጡ ሲሉ አዳለጣቸው። የግራ ክንፌ መታቸው።

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ትንፋሽ አልነበራቸውም። ስልክ ልደውል ክፍላቸው ስገባ ሻዩ ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ይፈስ ነበር። እሳቱን አጠፋሁት።

ቃሌን የተቀበሉኝ ሳጅን ቡጀምዓ "እህቴ፣ የክንፉን ጨዋታ ባታነሺው ይሻልሻል። ፈቃድሽን ይነጥቁሻል። የሞተ ሰው እንደሆነ አይከሰስ" ብለውኛል። ለእኔ አዝነው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሲ ላህሰን ባለቤት ላላ ራቢሃ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው ሥራ ጥለው ሻይ ሲያፈሉ ሞቱ የሚል ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው አይሄዱም። ፈቃዴን ይውሰዱት። ዛሬ ምንም አይሰማኝም። ነገ እንዴት እንደምሆን አላውቅም።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። በመጀመሪያው ጽሑፍ "ሟች ሻይ ለማፍላት ሥራቸውን ትተው" የሚለው ተሰርዞ "ሟች፣ አብራሪዋ ባስለመደቻቸው ምልክት መሠረት ሻይ ጥደው" በሚል ተተክቷል። ስርዙ በእኔ ጥያቄ የተደረገ ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ቱዳ አይት ኡሃሙ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ቡጀምዓ ዘሩዋል