በመኪና የሚሄድ ሩጫ

«በገበታ ላይ ሰውን ስሙን ጠርተህ አትውቀስ» የሚለውን ሕግ ጡረተኛው ርዕሰ መምህር በልጅነታቸው በአለንጋ ተምረውታል። ስለዚህ ያን ምሽት የልጃቸው ባል ከጂም መጥቶ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከሳህኑ አጠገብ አኑሮ፣ ሾርባውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀዳ ስሙን አልጠሩም። ፊታቸውን ወደ ነርሷ ልጃቸው መለሱ። እሷ ያበጠ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች።

«ዝናቡ አባራ አይደል፣ ልጄ? ደግ ነው... አንድ የማከብራቸው ስፖርተኛ አሉ፤ አንቺ አታውቂያቸውም። እንዴት ያሉ ትጉህ መሰሉሽ! ጂማቸው ከደጃፍ ቆመው ቢጠሩት አቤት ይላል። እሳቸው ግን እግራቸው ለቁም ነገር እንዲቆጠብ በመኪና ይሄዳሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል ነበር፤ ዘንድሮ እንቁላሉ በመኪና ሄዶ ማሽን ላይ ይሮጣል... ሥልጣኔ ይህ አይደል?

ዕውቀታቸውስ! ካርዲዮ፣ ይህ ልብ የሚያስመታው ሩጫቸው፣ የኢንሱሊንን ሥራ ያቀላጥፋል ብለው አስረዱኝ። እውነት ነው፣ አንብቤአለሁ። በዚያ ቤት ሥራ የሚያቀላጥፍ አንድ እንኳ መገኘቱ አያስደስትም? ከብርቱ ሩጫ በኋላ የረሃብ ሆርሞን ለጊዜው ይተኛልም አሉኝ። ይህም እውነት ነው... የእሳቸው ግን እንቅልፍ አይበረክትለትም፤ የሳህን ድምፅ ይቀሰቅሰዋል። እስቲ ዳቦውን ወዲያ ገፋ አድርጊው፣ እጅ እንዳይርቀው።

ሚዛኑ አልወርድ ሲላቸው ጥፋቱን ኮርቲሶል ለሚሉት የጭንቀት ሆርሞን ሰጡት። ምስኪን ሆርሞን! አፍ የለው፣ አይከራከር... ጭንቀት ያወፍራል ብለው ስለሚሠጉም፣ ጭንቀቱን ሁሉ ለሚስታቸው አስረክበዋል። እሷማ ታድላ! ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታነሣ ስታስተኛ ውላ፣ አውቶቡስ ላይ ቆማ ትመለሳለች። ጂም ሳትገባ ካርዲዮ! ለሚስቱ ጤና እንዲህ የሚያስብ ባል የት ይገኛል?

መኪናውንስ ማን ሰጣቸው ትዪኝ ይሆናል... አንድ ሽማግሌ ለልጁ፣ ከሥራ ስትመለስ እንዳትንገላታ ብሎ የሰጣት ነው። ስፖርተኛው ሲወስዱት ልጅቱ ይሉኝታ ይዟት አልከለከለችም። ሽማግሌው ግን ዓይኑ ገና ያያል።»

የልጃቸው ባል ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። አዛውንቱ ቁልፉን ከሳህኑ አጠገብ አንሥተው በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩት፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፉላት።

«በይ፣ ለእኒያ ስፖርተኛ ምርቃት አለኝ፤ አሜን በይ። ፈጣሪ ጉልበታቸውን ያጽናላቸው፤ እግራቸውን እንቅፋት አይምታው፤ ከነገ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ጂም ይሁንላቸው።»