ጆሮ ላይ የመዝጋት ነውር

«እማዬ፣ ለምን አልዘጋሽበትም?»

ልጅቷ ይህን የጠየቀችው ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። እናትየው የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ የጀመረችውን እጅጌ በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። የደወለው ሰውዬ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ሲያወራት ስልኩ በእጇ ነበር። የት ጋ ተነክቶ እንደሚዘጋም ጣቷ አሳምሮ ያውቃል። ግን አልዘጋችውም።

ያን ቀን ጠዋት ቤት የነበሩት እሷና ታላቅ ወንድሟ ብቻ ናቸው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ ዚፕ ሲበላሽበትና ሱሪ ሲጠብበት የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ወንድሟ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረዋል። ከሥራቸው ወደ ቤት ይዘውት የገቡት ደንብ ዛሬም አልላላም፤ ስልክ ሦስቴ ሳይጮህ ይነሳል፣ ድምፅ ለስለስ ይላል፣ ቀድሞ የሚዘጋው ምንጊዜም የደወለው ሰው ነው። «ጆሮ ላይ መዝጋት እንግዳን ከደጃፍ ገፍትሮ መጣል ነው» ይላሉ። እህታቸው በዚህ ደንብ አድጋ፣ በዚሁ ደንብ ልጅ አሳድጋለች።

ደዋዩ ትሑት ሰው ነበር። ከኮምፒውተር ጥገና ቢሮ እንደሚደውል ነገራት። ቤታችሁ ያለው ኮምፒውተር በቫይረስ ተይዟል፣ ዛሬውኑ ካልታከመ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል አላት። ልጇ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ናት፤ በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የአራት ወር ድካሟ፣ አሥራ ሁለት ንድፎች አሉ። ዓርብ ታስረክባቸዋለች፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ሁለት ዓመት የሚሠለጥኑት ተማሪዎችም የሚመረጡት በሚያስረክቡት ንድፍ ነው። እናትየው ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው አቧራውን መጥረግ ነው። ልጄ ስትመጣ ይደውሉ ብትለው፣ እስከዚያ ያልቅለታል አላት። ማን ልበል ብትለው፣ «ቢሮው ነው» አላት። ደግማ ብትጠይቀው ያንኑ መለሰላት። ከዚያ በለሆሳስ፣

«እናቴ፣ ማንበብ ይችላሉ?» አላት።

የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ዘጠኝ ወሯ ነው። ከአስተማሪዋ በቀር እንድታነብለት የፈለገ ሰው እስካሁን አልገጠማትም። መነጽሯን አደረገች። እሱ ይነግራታል፣ እሷ ፊደሉን ፈልጋ ታነባለች፣ ትጫናለች። ስትሳሳት አይቆጣም፤ ስታገኘው «ጎበዝ፣ እናቴ» ይላታል። ወንድሟም ከወንበራቸው ሆነው፣ እህታቸው ሰውን በትሕትና ስታስተናግድ እያዩ፣ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻውን ብቅ አለ። ለቀም ለቀም አድርጋ፣ «ፍ… ቀድ» ብላ አነበበችው።

«እሱን ይጫኑልኝ» አላት።

ተጫነችው። በኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ቀስት ማንም ሳይነካት ወዲያ ወዲህ ትሮጥ ጀመር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኮምፒውተሩ መስኮት ጠቆረ። የሰውዬውም አፍ ያን ጊዜ ተለወጠ። እርስዎ ማለቱ ቀርቶ አንቺ አላት። ገንዘብ ካልላክሽ አይከፈትም፣ ለሰው ብትናገሪ ወየውልሽ አለ። ያም ሆኖ እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀችው።

ልጅቷ ይህን ሰምታ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ጠጋኝ ሮጠች። ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ጠጋኙ፣ መሣሪያውን አስነሳዋለሁ፣ ውስጡ የነበረውን ግን እርሺው ብሏታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም።

መጀመሪያ የተናገሩት አጎቷ ናቸው። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፣ ጨዋነት ቤት አፍርሶ አያውቅም አሉ።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ እንጀራው የእርስዎ ጨዋነት ነው» አለች ልጅቷ። «ባለጌ ቤት ቢደውል በአንድ ደቂቃ ይዘጋበት ነበር። ከእኛ ሃምሳ ደቂቃ የበላው ስለምናፍር ነው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን ብትጮኺ ምን ይረባል?»

«የት ሄደና! እነዚህ ሌቦች አንዴ ያዳመጠ ሁለቴ ያዳምጣል ብለው የእማዬን ቁጥር እርስ በርስ ይቀባበሉታል። ነገም ይደውላሉ።»

ሽማግሌው ትከሻቸውን አስተካከሉ። ተቆጥተው የሥራ ዘመናቸውን አነሱ። አንድ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ደውላ፣ ቃል መጨረስ አቅቷት ስታቃስት፣ አለቃቸው መስመሩን ልቀቀው፣ የሚቀልድ ሰው ነው እንዳሏቸው፣ እሳቸው ግን እርዳታ እስኪደርስ እንዳልዘጉባት ተናገሩ። «ብዘጋባት ኖሮ» አሉ፣ «ዛሬ ሁለት ሰው ከምድር ላይ ጎድሎ ነበር። እንግዲህ አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ዝጋባት በዪኝ።»

እንዲህ ላለው ነገር መልስ ከመጽሐፍ አይገኝም። ያን ጊዜ እናትየው እጅጌውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ያችን ሴት መጀመሪያ ምን ብለው ጠየቋት?»

«ማን ልበል፣ ከየትስ ነው፣ ነዋ። ሌላ ምን ይባላል?»

«ነገረችዎት?»

«በዚያ ሁሉ ጭንቅ፣ እየቆራረጠች፣ ስሟንም፣ ሰፈሯንም፣ የበሯን ቀለም ሳይቀር።»

«የሩቅ አገር ጥሪ የሚጠይቅዎትን ሰውስ ወዲያው ያገናኙት ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ! ዘግተን፣ መዝገብ ላይ ባለው ቁጥሩ መልሰን እንደውልለታለን። እሱ ራሱ መሆኑን ሳናውቅ ማን ያገናኛል?»

«ዘግታችሁ» አለች እህትየው ቀስ ብላ። «እኔ ሁለት ጊዜ ማን ልበል አልኩት። ቢሮ ነው አለኝ። ቢሮ አፍ የለው። ከሥራዎ ግማሹን ብቻ ነው ወደ ቤት ያመጡልን፣ ወንድም ጋሼ። ትሕትናውን አመጡልን፣ ጥበቃውን እዚያው ትተውት መጡ።»



ገና አልጨረሰችም፤ ያንገበገባት ሌላ ነው። «ጎበዝ አለኝ» አለች። «ደስ አለኝ እኮ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ያገኘሁትን ንባብ፣ ለልጄ መዝረፊያ አደረገው። ገንዘቤን ቢሰርቀኝ እንዲህ አልቃጠልም።»

እውነት ነው የተናገረችው። ሰው እነዚህን ደዋዮች ሲያነሳ፣ ሞኝ አገኙ ብሎ የሚስቀው በተበዳዩ ነው። ሞኝ መቼ ፈለጉ! የሚፈልጉት ለሰው ክፉ መናገር የሚከብደውን፣ ለልጁ የሚጨነቀውን፣ አዲስ ነገር ለመማር የጓጓውን ሰው ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ እነሱም በማናያቸው መስመር መጥተው እናቴ፣ እትዬ ይሉናል፤ እኛም እናነጥፋለን። የሚያሳፍረው የእነሱ ሥራ ሆኖ ሳለ አንገት የሚደፋው ያመናቸው ሰው ነው።

ልጅቷ ተነስታ እናቷን ከኋላ አቀፈቻት። እኔም ጥፋት አለብኝ፣ የአራት ወር ሥራ ኮፒ ሳልይዝ አንድ ቦታ ማስቀመጤ የእኔ ስንፍና ነው አለች። ከዚያ ወደ አጎቷ ዞራ፣ አሁን በለሰለሰ አነጋገር፣ ማንኛውም እውነተኛ ቢሮ ቤት ለቤት እየደወለ ኮምፒውተራችሁ ታሟል እንደማይል አስረዳቻቸው። በስልክ የመጣ ሰው ይሄን ክፈቱ፣ ይሄን ተጫኑ፣ የይለፍ ቃል ንገሩኝ ካለ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ይዘጋል። እውነት ቢመስል እንኳ ይዘጋና፣ ራሳችን በምናውቀው ቁጥር መልሰን እንጠይቃለን። ቶሎ በሉ የሚል ሰው የሚያስቸኩለው እንዳናስብ ነው።

«እንግዲያስ» አሉ ሽማግሌው፣ «ስሙን ያልሰጠ ሰው እንግዳ አይደለም። እኔ ነኝ በሩን ክፍት አድርጌ የኖርኩት።»

ሰውዬው በማግስቱ ደወለ። ሽማግሌው እንደ ሥራ ዘመናቸው ቆመው አነሱት። ማን ልበል አሉ፤ ቢሮ ነው ተባሉ። ቁጥርዎን ይስጡኝ፣ መልሼ እደውላለሁ አሉ፤ ስድብ መጣ። ዘጉት። ሲመሽ ሻያቸውን ጠጥተው፣ «ይለመዳል» አሉ።

እናትየው ነገሩን ለትምህርት ክፍሏ ልትናገር ስትነሳ፣ ወንድሟ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም ብለው ነበር። እሷ፣ ገመናው የሌባው ነው ብላ ሄደች። ከአሥራ ሰባቱ ተማሪዎች አምስቱ ያው ትሑት ድምፅ ደውሎላቸው ኖሯል፤ ሁለቱ ተዘርፈው ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው የፋብሪካ ጥበቃ በሳምንቱ ሲደወልለት፣ ማን ልበል ብሎ፣ መልስ ሲያጣ ዘግቶ፣ እየሳቀ መጥቶ ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ማንም አልተዘረፈም።

ልጅቷ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሠርታ፣ ከአሥራ ሁለቱ አራቱን ብቻ አደረሰች። ዓርብ አስረከበቻቸው። በወሩ መጨረሻ ከክፍሏ ስድስት ልጆች ለሥልጠናው ሄዱ። እሷ ቀረች።