የውዳሴ ማህደር ስለነበረበት ኮምፒዩተር የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ሴና ፈየራ
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የመረጃ ባለሙያ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ መብራት ኃይል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይዘሪት እድላዊት ቦጋለ የመሥሪያ ቤት ሥራ አደናቅፋለች ተብላ ስለተጠረጠረችበት ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የምሠራው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤታችን የአንድ የተዘጋ የሕፃናት ማሳደጊያ ማህደሮችን ከሌላ መምሪያ ተረክቧል። ወረቀቶቹ ስካን ከተደረጉ በኋላ ስለተወገዱ የቀረው አንድ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ብቻ ነበር። ማህደሮቹን የሚከፍተው ፕሮግራም ውሉ የነበረው በዚያ መምሪያ ስም ነው። መምሪያው ሲታጠፍ ውሉን ያደሰ ስለሌለ ፕሮግራሙ ተቆልፏል፤ የእኛ አዲሱ ሲስተምም ፋይሎቹን አያነብም።

እድላዊትን ያወቅኳት ባለፈው ዓመት ነው። በማሳደጊያው ያደገችው ከታናሽ እህቷ ከውዳሴ ጋር ሲሆን፣ ውዳሴ ገና በሕፃንነቷ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጥታለች። የወሰዳት ቤተሰብ ማንነት ያለው ማህደሩ ላይ ብቻ ነው። እድላዊት ሀና ማርያም ሰፈር ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ሰኞ ሰኞ እረፍቷ ስለሆነ እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር። ፕሮግራሙን የሚያስከፍት ባለሙያ እንዲፈለግ ለኃላፊዬ ደጋግሜ አመልክቻለሁ። የእኛ አለቆች መምሪያው ተጠሪ ወደነበረበት ቢሮ ይልኳታል፣ እነዚያም መልሰው ወደ እኛ።

የካቲት 11 ቀን ረፋድ ላይ አሮጌ ዕቃ በጨረታ የገዙ አቶ ከድር የተባሉ ነጋዴ አይሱዙ ይዘው መጡ። ያ ኮምፒዩተር ሲጫን ስላየሁ ንብረት ክፍል ሄጄ ተናገርኩ፤ “ከመዝገብ ወጥቷል” አሉኝ። ለእድላዊት ደወልኩላት። የሥራ ሽርጧን ሳትፈታ መጥታ፣ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ከፊት ጎማው ሥር ተኛች። አልጮኸችም፣ ማንንም አልተሳደበችም።

አቶ ከድር ወርደው “ተነሺ ልጄ፣ እኔ የገዛሁት ቁራጭ ብረት ነው” አሏት።

“አባቴ፣ እህቴን የማገኝበት እዚያ ላይ ነው” አለቻቸው።

እሳቸው ወደ ጭነቱ ዞረው ኮምፒዩተሩ እንዲወርድ አዘዙ። በዚህ መሀል ጥበቃዎች ፖሊስ ጠርተው ስለነበር እድላዊት ተያዘች። ኮምፒዩተሩን አቶ ከድር ለእኔ ሰጥተውኝ ሄዱ። ስፈታው ሃርድ ዲስኩ በመዶሻ ተቀጥቅጦ አገኘሁት። ንብረት ክፍልን ብጠይቅ፣ የሕፃናቱ ምስጢር እንዳይወጣ በመመሪያው መሠረት ከሽያጭ በፊት የተደረገ መሆኑን ነገሩኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ ለእድላዊት ነገርኳት።  ከዚያ “ስትወስዷት ገና መናገር አልጀመረችም ነበር፤ እኔ እንዳለሁም አታውቅም” አለች። “ስትወስዷት” ያለችው እኛን፣ የመንግሥት ሠራተኞችን ነው። 

ያየሁትንና የሰማሁትን ተናግሬአለሁ፤ የጨመርኩበት የለም። የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ልክ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሴና ፈየራ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ክርስቲያን ኢሉ፣ ፊርማ