ልኬትን የናቁት ልብስ ሰፊና የሦስት ወር ስኳራቸው

በዘመኔ ከክርክር ተሸንፌ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን አልናገርም። ሌላውን ግን አፌን ሞልቼ አወራዋለሁ፤ ተሸናፊዎቹ ሁለት ስለነበርን ከኀፍረቱ ለእኔ የደረሰኝ ግማሹ ነው።

ነገሩ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ጊዜ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። እንደኔ ያለ መምህር በዚያ ትምህርት ቤት ከዚያ በፊት አልታየም፣ ከዚያ በኋላም የታየ አይመስለኝም። ድምፄ ሦስት ክፍል ዘልቆ ስለሚሰማ የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች የራሳቸውን መምህር ትተው የኔን ትምህርት ይጽፉ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልዘጋ ቢለኝ ይዤው ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎራ አልኩ።

ያ ሱቅ ዛሬ የለም፤ በቦታው የስልክ መሸጫ ቆሟል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን የጋለ ካውያ እርጥብ ሱፍ ሲነካ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ ድረስ ይመጣል። ጠባብ ነበር፤ ሦስት ሰው ከገባበት አራተኛው ትንፋሹን ውጭ ትቶ መግባት ነበረበት። ከበሩ አጠገብ በእግር የሚረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና፣ ከኋላው በጠመኔ የተሰመረ ጨርቅ የተከመረበት ጠረጴዛ፣ ወለሉ ላይ ክርና ቅዳጅ፣ በየቅዳጁ መሐል ደግሞ የወዳደቀ ስፒል።

ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ በዓይኔ» ይላቸው ነበር። ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አያውቁም። ሰው በሩ ላይ ሲቆም ከራሱ እስከ እግሩ አንዴ ያዩትና «በዓይኔ ለክቼሃለሁ፤ ሐሙስ ና» ይሉታል። አንደኛ ክፍል ስገባ የለበስኩትን የደንብ ልብስ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ የሠርግ ሱፌንም እንዲሁ። በዚያ ሱፍ ያየችኝ ሴት ሁሉ እኔን ባለማግባቷ ተጸጽታለች ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

«ና መምህር፤ ወፍረሃል» አሉኝ ገና ሰላም ሳልላቸው።

«ሱሪው ነው የጠበበው ጋሼ። ሲታጠብ ገባ።»

«የኔ ደግሞ እየሰፋ አስቸገረኝ። የዘንድሮን ጨርቅ ምን ነካው? ይኸው ወገቡን ሳስገባው ሦስተኛዬ ነው።» ቀበቷቸውን ገለጥ አድርገው ሦስቱን እጥፋት አሳዩኝ። ሁለታችንም ጨርቅ ፋብሪካውን ረግመን ተስማማን።

በዚህ መሐል የወንድማቸው ልጅ ገባች። በሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የኔ ተማሪ ነበረች፤ ስለዚህ ዕውቀቷ ሁሉ ከኔ የተቀዳ ነው ማለት ይቻላል። ኪሱ የተቀደደ ነጭ ጋወን ይዛለች።

«ጋሽዬ፣ እንዴት ዋሉ? ይቺን ኪስ ይጠግኑልኝ። መምህር፣ ምነው በዚህ ሙቀት ሹራብ?»

«የአሳቢ ሰው ደም ወደ ጭንቅላቱ ስለሚሄድ ገላው ይበርደዋል» አልኳት።

ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ወደ አጎቷ ዞረች። «ከስተዋል ጋሽዬ። ስኳሩስ እንዴት ነው?»

ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል መሳቢያውን ከፍተው አንዲት ደብተር አወጡ። «አንብቢ! መቶ ሃያ፣ መቶ አሥራ አራት፣ መቶ ሃያ ሁለት። ሐኪሙ ራሱ ጎበዝ ብሎኛል።»

«እንዲህ ያማረ ውጤት ከየት መጣ?»

«ዝግጅት ነዋ! በየሦስት ወሩ ቀጠሮዬ አራት ቀን ሲቀረው ኬክ የለ፣ ዳቦ የለ፣ ሻዬም ያለ ስኳር። ኪኒኔን ሰዓቱን ጠብቄ እውጣለሁ። ጠዋት ጠዋት እስከ ድልድዩ በእግሬ። የቀጠሮዬ ለት በባዶ ሆዴ ሄጄ ጣቴን እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ በቀጥታ ኬክ ቤት! አስተናጋጁ ቀጠሮዬን ከኔ በላይ ያስታውሳል።»

«ኪኒኑስ ከዚያ በኋላ?»

«ትዝ ሲለኝ።»

እኔም ጣልቃ ገብቼ «ይህ ሥርዓት ያለው ሰው አኗኗር ነው፤ ተማሪ ሁሉ ለፈተና የሚዘጋጀው እንዲሁ ነው» አልኩ። አሁን ሳስበው ምላሴን ብውጠው ይሻል ነበር።

ልጅቱ ጋወኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጋሽዬ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚጠረግ ቤት ነው የያዙት። ሐኪሙ የሚያየው የተጠረገለትን ቀን ነው። ሌላው ሰማንያ ምናምን ቀንስ?»

«እኔ የማውቀውን ምርመራ ልንገርሽ» አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። ድምፃቸውም ለስለስ አለ። «ድሮ የክሊኒኩ ድሬሰር ሽንትህን ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ጠብ ያደርግና በእሳት ያፈላዋል። ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ሂድ ወደ ሥራህ። ሸክላ ከመሰለ ጉድህ ፈላ። አባቴን ይዤ ስሄድ አጠገቡ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ሸክላ። ማንም አልተረጎመልኝም። የናንተ ማሽን ግን በሆዱ ደብቆ ይለካና ቁጥር ይተፋል።»

እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ሸፈተ። ያቺ በአልኮል የምትነድ መብራት፣ ያ በመቆንጠጫ የተያዘ ብልቃጥ፣ ያ ቀለም እስኪለወጥ ሰው ሁሉ ትንፋሹን የሚውጥበት ጸጥታ! በዚያ ዘመን በሽታ እንኳ መልክና ቀለም ነበረው።

«አያቴ እግራቸውን ያጡት ግን ሸክላው ከታየ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው?» አለች ልጅቱ በቀስታ።

አጎቷ መነጽራቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር። «በዓመቱ» አሉ።

«ይኸውልዎ። ስኳር ወደ ሽንት የሚፈሰው ደም ውስጥ ሞልቶ ሲተርፍ ነው። ቀለሙ ያምራል፤ ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው። የሦስት ወር ስኳር የምንለው ሌላ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ሦስት ወር ከዚያም ትንሽ በላይ ይኖራል። በዚያ ዕድሜው ሙሉ ስኳር ይለጠፍበታል፤ ስኳሩ በበዛ መጠን የሚለጠፈውም ይበዛል። እኛ ከመቶው ስንት እጅ እንደተለጠፈበት እንለካለን። በባዶ ሆድ መምጣት አያስፈልግ፣ አራት ቀን መዘጋጀት አያስፈልግ።»

«ኬክ ቤቱንም ይነግርሻል ማለት ነው?»

«አስተናጋጁን ሳልጠይቅ።»

ጋሼ በዓይኔ ወደኔ ዞሩ። «አንተ መምህር፣ ይህ ነገር ስለላ አይደለም?»

«ስለላ ነው!» አልኩ በሙሉ ድምፄ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ምናልባት የዚያ መንገድ መስታወት ሁሉ።

እሷ አልተበገረችም። «ሌላም አለ። ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን የሚሠራው ቆሽት ነው። አንድ ኢንሱሊን በሠራ ቁጥር ከሥራው የተቆረጠች አንዲት ቁራጭ አብራው ወደ ደም ትወጣለች። ጋሽዬ፣ እኔ ይህን ወለል አይቼ፣ ቅዳጁን ሰብስቤ፣ ዛሬ ስንት ልብስ እንደቀደዱ መገመት አልችልም?»

«ትችያለሽ» አሉ ሳያስቡት።

«እኛም ያቺን ቁራጭ ለክተን ቆሽትዎ አሁንም እየሠራ መሆኑን፣ ምን ያህልም እንደደከመ እናውቃለን። ኪኒን ይበቃው እንደሆነ፣ መርፌ ይፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ በግምት አይናገርም። ለእርስዎ በልክዎ ይሰፋልዎታል።»

ይህ ንግግር እንደነካቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። ግን አርባ ዓመት ሰው በዓይኑ ሲለካ የኖረ እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

«እሙዬ፣ ተባረኪ። እኔ ግን ሰውነቴን አውቀዋለሁ። ሲያመው ይነግረኛል። ዛሬ የቱም ጋ አያመኝም።» ይህን ብለው የኔን ሱሪ አነሱና መኪናው ላይ ተቀመጡ። ግራ እግራቸውን ወደ መርገጫው ሲያነሱ የነጠላ ጫማቸው ሶል ወደኛ ዞረ።

ልጅቱ በድንገት ተንበረከከች። «እንዳይረግጡ!»

ከሶሉ ላይ የስፒል ራስ ብልጭ ይላል። ጫማውን ቀስ ብላ ስባ አወጣችው። ስፒሉ ጎማውን በስቶ ተረከዛቸው ውስጥ ገብቶ ኖሯል፤ የገባበት ቀዳዳ ዙሪያው ጠቁሮ ውሃ ቋጥሯል። የዛሬ አልነበረም። ያን እግር ይዘው መኪና ሲረግጡ ከርመዋል።

«መቼ ገባ?» አለቻቸው።

ወደ ተረከዛቸው አዩ፣ ወደሷ አዩ። «አላውቅም» አሉ። እንደገናም፣ የሌላ ሰው እግር የያዙ ይመስል በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «አላውቅም እሙዬ። አልተሰማኝም።»

ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ሁለታችንም ተሸነፍን። በአባታቸው ላይ የደረሰው በእሳቸውም ደጃፍ እንደቆመ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም።

«የሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እስከዚያ ትንሽ ልዘጋጅ።»

«ጋሽዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ዛሬ። የበላሁትንም በልቼ።»

እኔ በቀኝ፣ እሷ በግራ ደግፈናቸው ሄድን። መንገድ ላይ እኔን ደግማ ደጋግማ ታየኝ ነበር። «መምህር፣ መወፈሩ፣ ብርዱ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ባሉበት ማንቀላፋቱ... እርስዎም ደም ይስጡ።»

«እኔ ሳንቀላፋ ያየኝ ማነው?»

«ተማሪዎችዎ ሁሉ ናቸዋ።»

ላቦራቶሪው በነጭ ሸክላ የተለበጠ ክፍል ነው። ደማችን ባለ ቀለም ክዳን ቱቦዎች ውስጥ ገባ፤ በየቱቦው ላይ ማንነታችን ተጻፈ፤ ጥቂቱ እየተገላበጠ፣ ጥቂቱ እየተሽከረከረ ወደ ማሽኑ ሄደ። ጋሼ በዓይኔ እግራቸው እየታጠበና እየታሸገላቸው እንኳ ዓይናቸውን ከዚያ ማሽን አላነሡም።

የሦስት ወር ስኳራቸው ከመቶው አሥር ነጥብ ስምንት ወጣ፤ ሐኪሙ የሚመኝላቸው ሰባት አካባቢ ነበር። ያቺ ቁራጭም አነስተኛ ሆና ተገኘች፤ ቆሽታቸው ደክሟል፣ ግን ሥራውን ጨርሶ አልተወም። ሐኪሙ ዙሪያ ጥምጥም ሳይል ነገራቸው፦ ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት አደንዝዞታል፣ ቁስሉ ጥልቅ ነው፣ ስኳሩ በዚሁ ከቀጠለ አይድንም፣ ካልዳነ ደግሞ እግሩ ለአደጋ ይጋለጣል። ማታ ማታ አንድ መርፌ ኢንሱሊን፣ ኪኒኑም ሳይቋረጥ፣ እግሩም ከመርገጫው ይረፍ።

«ያ የደብተሬ ቁጥር ውሸት ነበር በለኛ» አሉት።

«እውነት ነበር አባቴ። ግን የአራት ቀን እውነት።»

እንግዲህ የኔ ነገር ሊቀር አይችልም። አንገቴ ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ፈትታ፣ ከአንጎሌ ሥር ሆኖ የሚያዛት ሆርሞን ሊደርስ ከሚገባው በላይ አሥር እጥፍ እየጮኸባት ኖሯል። «እንዲህ ያለ ቁጥር በዚህ ላቦራቶሪ ታይቶ አይታወቅም መቼም» አልኳት። «ባለፈው ሳምንት የባሰ ነበር» አለችኝ። ቅስሜ ተሰበረ። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንዲት ትንሽ ኪኒን እውጣለሁ፤ ሹራቡንም ለሰው ሰጠሁት።

የእሳቸው ቁስል እስኪድን አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። ሱቁ ግማሽ ቀን ብቻ ይከፈት ነበር፤ በእጅ የሚሰፋውን ብቻ ሠሩ። በሦስተኛው ወር ለምርመራ ስንሄድ ቁርሳቸውን በልተው፣ አፋቸውን እየጠረጉ ነበር የጠበቁኝ። ሰባት ነጥብ ሦስት ወጣ። ልጅቱ ወረቀቱን ስትሰጣቸው ደጋግመው አነበቡትና «ይህኛው ሥራ የተሠራበት ቁጥር ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በሱቃቸው ለሚቀመጥ ሁሉ ሰባኪ ሆኑ። የሰፈሩ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ ስለ ቆሽቱ ሰምቶ ይወጣል። እኔ ደግሞ በክፍሌ የምለውን ለእናንተም ልበል። ስኳር ያለበት ሰው ለቀጠሮው አይዘጋጅ፤ እንደሚኖረው ሆኖ ይታይ። የሦስት ወር ስኳሩን በየጊዜው ያስለካ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተካክልለት በዚያ ነው፤ ዓይን፣ ኩላሊትና እግር የሚተርፉትም በዚያ ነው። ማታ ማታ ጫማውን አውልቆ ውስጥ እግሩን ይመልከት። ያለ ምክንያት የከሳም፣ ያለ ምክንያት የወፈረም ጨርቁን መርገሙን ትቶ ይመርመር።

እኚያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖሩ። ከኔ ዘመን ሙሽሮች የግማሾቹን ልጆች ዳሩ ቢባል ያው ነው፤ ሱፉን የሰፉት እሳቸው ናቸውና። በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ በእርጅና፣ በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። ልጅቱ ገላቸው ሲታጠብ አጠገባቸው ነበረች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ግን ፈገግ ብላ፣ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፦

«መምህር፣ ሁለቱም እግራቸው አብሯቸው ነው።»