ለሽማግሌ መንገድ መልቀቅ

ሙሃዮን ያገኘኋት ሳላስበው ነው። የወንዙ ዳር መንገድ ከመኪናው መንገድ በሚለይበት ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ አሸዋ ታራግፍ ነበር። የጎረቤቴ የሳፋርጉል ልጅ ናት። ሁለት ዓመት አውራጃው ከተማ ተምራ፣ ስለ ተቀበረ ፈንጂ በየመንደሩ እየዞሩ ከሚያስተምሩት ጋር ሥራ ይዛ ከተመለሰች ሦስት ወሯ ነው። እኔ ደግሞ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሴት ነኝ፤ የምጽፈውም እንደማወራው ነው። ይህንንም የጻፍኩት ይጻፉት ብላ ስለያዘችኝ ነው እንጂ የሚያኮራኝ ነገር ኖሮት አይደለም።

ስታየኝ ብድግ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"እንደምን ዋሉ አክስቴ ሮዚያ። ወዴት ነው?"

"ሳንጋክ መንደር፣ ሙሽራችን ቤት። ዓርብ ስንት ሴት ይዤ እንደምመጣ ልነግራቸው።"

ልጄ ሻምሲ ዓርብ ሊያገባ ነበር። ሙሽራ ከሳንጋክ ወደ እኛ መንደር የምትመጣው በእግሯ፣ በሴቶች ሰልፍ ታጅባ፣ በወንዙ ዳር ነው። አማቴ በዚያ መንገድ መጣች። እኔም በዚያ መጣሁ። እኔ አርባ ሴት ጠርቼ ነበር።

"በየት በኩል ነው የምታመጧት?" አለችኝ።

"በየት ይሆናል? በታች ነዋ።"

"በላይኛው፣ በመኪናው መንገድ ብትሆንስ?"

"አንድ ሰዓቱን መንገድ አራት ሰዓት አድርጌ? ሙሽራዋን አቧራ አልብሼ፣ ኬላው ላይ መታወቂያ አምጪ እያስባልኩ?"

"መታወቂያዋን ስላሳየች ሙሽራነቷ አይቀነስም፣ አክስቴ።"

"አንቺ ስታገቢ በሄሊኮፕተር እናመጣሻለን" አልኳት።

ሳቀች። ስቃ ግን አልተወችኝም። ከዚያ በታች የቆመ አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት ጠፍቷል የሚል ወሬ ስለ ደረሳቸው እሱን ልታይ መምጣቷን ነገረችኝና አብራኝ ልትሄድ ፈቃድ ጠየቀች። እኔ ስለ ምልክቱ ስሰማ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ፤ ያኔም እዚያ እስክደርስ አልተናገርኩም።

መንገዱ ጠባብ ነው። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ ሆነን እየሄድን ትመክረኝ ጀመር።

"የፈንጂ ፈታሾቹ የመረመሩት ይሄን የምንረግጠውን መሐሉን ብቻ ነው። ዳርና ዳሩ ገና ነው። መሐል መሐሉን ለሚሄድ አንድ ሰው ይሆናል። አርባ ሴት ግን በመስመር አይሄድም፤ ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ጥላ ይፈልጋል።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት ሄጄበታለሁ።"

"ወንዙ በየዓመቱ ሲሞላ አፈሩን እያንሸራተተ ነው። አምና ከላይ የነበረ ፈንጂ ዘንድሮ ታች ይገኛል።"

"እግር አለው እንዴ?"

"የለውም፣ አክስቴ። ሰሞኑን ደግሞ ማዶ ተኩስ አለ፤ ሌሊት አልሰሙም?"

"ማዶ አፍጋኒስታን ነው። ተኩሱን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፣ እየሰማሁ ነው የወለድኩት።"

እንዲህ ነበር የምመልስላት። የተማረ ሰው ሲመክረኝ ጆሮዬ አይደለም የሚቆጣው፣ አንገቴ ነው። ይደርቃል።

የተቆረጠው የአኻያ ጉቶ አጠገብ ስንደርስ ቦቦ ኢዲ አህያውን እየነዳ ከፊት ለፊታችን መጣ። ቦቦ የምንለው አያት ለሆነ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ የመንደራችን የሁሉም አያት ነው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ከመንገድ ወርዳ፣ በታች በኩል ቆማ፣ ፊቷን ዞር አድርጋ ታሳልፋለች። ብዙ ከሆኑ ታናሿ ከሁሉም ራቅ ብላ ትወርዳለች። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እግሬ ራሱ ያውቀዋል። ያን ቀንም እግሬ ከመንገዱ ሊወርድ ሲነሳ ሙሃዮ የወገቤን መቀነት ጨምድዳ ያዘችኝ።

"አይውረዱ።"

እሷም አልወረደችም። ሽማግሌው ፊት፣ መንገዱ መሐል ቆመች። ፊቴ እሳት ሆነ።

"ቦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልን" አለች አንገቷን ዝቅ አድርጋ። "እባክዎ እዚያው ይቁሙ። እኛ በመጣንበት ተመልሰን ሰፋ ያለው ዓለት ላይ እናሳልፍዎታለን።"

ሽማግሌው አህያውን ያዘ። እኔን እየጎተተች ወደ ኋላ መለሰችኝ።

"አዋረድሽኝ" አልኳት ጥርሴን ነክሼ። "በሰማንያ ዓመቱ ሰው ፊት ተገትረሽ እዚያ ቁም ትይዋለሽ? እናትሽ ብታይሽ ምን ትላለች?"

"ልጄ በሁለት እግሯ ገባች ትላለች።"

"ምላስሽ ረዝሟል። አክብሮት የሚባል አልነገሩሽም ከተማ?"

"አከበርኩት እኮ። ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄለታለሁ። ክብሩ መንገዱን ማግኘቱ ነው ወይስ እኛ ሣር ውስጥ መቆማችን?"

 ግትር ሰው ሲሸነፍ የማይሆነውን ይናገራል። እኔም ተናገርኩት።

"እሺ፣ ፈንጂ ካለ ምልክቱ የታለ? ምልክት አለ? የለም። ስለዚህ የለም።"

ይህን ስል ዓይኔን ከጉቶው መለስኩ።

ቦቦ ኢዲ ይህን ጊዜ ዓለቱ ላይ ደርሶ ነበር። "ነበረ እንጂ" አለ። "ጉቶው አጠገብ፣ የራስ ቅል ያለበት ቀይ ላሜራ። በረዶው ከመጣሉ በፊት ጠፋ። ወታደሮቹ ነቅለውት ይሆናል፣ ቦታው ጸድቷል ማለት ነው ብዬ በጸደይ ላሚቱን እዚያ አሰማራኋት።" አህያውን አንገቱን ዳሰሰው። "የሆነውን ታውቂያለሽ፣ ሮዚያ። ዳቦ ይዘሽ መጥተሽ ያጽናናሽኝ አንቺ ነሽ። ትኩስ ዳቦ። እጅሽ ይባረክ።"

እንግዲህ ልናገር። ያን ላሜራ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ነፋስ ዘንጉን አዘንብሎት ነበር፤ የቀረውን በእግሬ ጨረስኩለት። የዳቦ ምድጃዬ ክዳኑ ተሰብሮ ስለነበር ልክክ አለለት። የራስ ቅሉን አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ይሄ ለእንግዳ የተሰቀለ ነው፣ እኛ መንገዳችንን እናውቃለን ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ላሚቱ ፈንጂ ረግጣ ስትሞት ያንኑ ላሜራ ከፍቼ፣ በዚያው ምድጃ ዳቦ ጋግሬ፣ በእጄ ለሽማግሌው አጎረስኩት። ሲመርቀኝ አሜን አልኩ።

አሁንም ዝም ብዬ ልቀር ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝና፣ ልቀር ነበር።

"ለዓርቡማ" አለ ቦቦ ኢዲ ሊያልፈን ሲል፣ "እኔም አልቀርም። ከሳንጋክ ስትመጡ እዚሁ ጉቶው ጋ እቀበላችኋለሁ። ሙሽራይቱን መንገድ ላይ ብመርቃት ደስ ይለኛል።"

በሐሳቤ አየሁት። አርባ ሴት የሐር ልብስ ለብሳ፣ ሽማግሌ አየሁ ብላ፣ በታች በኩል ስትወርድ። ታናሿ ከሁሉም ራቅ ብላ። ታናሿ ሙሽራዋ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ፊቷ ደግሞ ተሸፍኗል።

"ቦቦ" አልኩ። "ላሜራውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። የምድጃዬ ክዳን ነው።"

ሙሃዮ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ስላላየችኝ ዕድሜ ልኬን አመሰግናታለሁ። ሽማግሌው ግን አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ዳቦው ጥሩ ነበር" አለ። "ላሚቱም ወተቷ ጥሩ ነበር።"

ከዚያ የወገቡን ቀይ ጨርቅ ፈትቶ ለሙሃዮ ሰጣት፤ "እስከዚያው እሰሪው" አላት። እሷም ወደ ጉቶው ተመልሳ፣ ከመንገዱ ሳትወርድ እጇን ዘርግታ አሰረችው። የተበደለው ሰው መቀነቱን ሰጠ፤ እኔ እጄን አጣጥፌ ቆሜ አያለሁ። ዕድሜዬን ያን ያህል አንሼ አላውቅም።

ሳንጋክ ሳልደርስ ተመለስኩ። መንገድ ላይ መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ።

"እሺ ምን ላድርግ? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ እንደ ልጅ።"

"ከመውጣትዎ በፊት ጠዋት ጠዋት ይጠይቁ" አለችኝ። "ቦታውን ስለሚያውቁት አይደለም፤ ቦታው ሌሊት ስለሚለወጥ ነው። ኬላውን ይጠይቁ፣ ከወዲያ የመጣ ሰው ካለ ይጠይቁ። ማዶ ተኩስ ካለ የዚያን ቀን ይቅር።"

"ሠርግም ቢሆን?"

"ሠርግ ሰኞም ይሆናል። በየት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚደርሱ ለቤት ሰው ይንገሩ፤ ሲዘገዩ የት እንደሚፈልግዎ እንዲያውቅ። ከተረገጠ መንገድ አይውረዱ፣ ለሽንትም ቢሆን።"

"መኪና ሙሉ ሰው እያየኝ?"

"ዞር በሉ ይበሏቸው። የማያውቁት ብረት ካዩ አይንኩት፤ ባሉበት ቆመው፣ በራስዎ ኮቴ ላይ እየረገጡ ይመለሱ። ወደ ማዶ ጣት አይቀስሩ፣ ፎቶም አይነሱ፤ ከዚያ የሚያይዎት ምን እንደያዙ አያውቅም።"

"ሽማግሌ ቢመጣስ?"

"ቀድሞ ያየ ይቁም፣ ሰፋ ወዳለው ቦታ የቀረበው ይመለስ። እጅ ደረት ላይ ማድረግ ግን አይቀርም።"

ዓርብ ዕለት ሙሽራዋን በላይኛው መንገድ በሁለት የጭነት መኪና አመጣናት። ጠዋት ማዶ ተኩስ ስለነበር ኬላው መንገዱ ሰላም ነው እስኪባል ሁለት ሰዓት አስቆመን። አክስቶቼ አጉረመረሙ። "ሮዚያ ልጇን ስትድር ወታደር ልታስፈቅድ" አለች አንዷ። አቧራ ጠጣን፤ ሩዙም እስክንደርስ ላሸቀ። ኬላው ላይ ወጣቱ ወታደር መታወቂያዋን አይቶ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ" ብሎ ሲመልስላት ሙሽራዋ በመሸፈኛዋ ውስጥ ሳቀች። ማታ ጫማዋን ደጃፌ ላይ ስታወልቅ ሁለቱን እግሮቿን ቆሜ አየኋቸው። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያይ ነውር ነው እለው ነበር።

ቦቦ ኢዲ ደጄ ድረስ መጥቶ መረቃት። ልጄና እኔ በመጸው የምትወልደውን ጊደራችንን እንዲወስድ ለመንነው፤ ስትወልድ ጥጃዋን እወስዳለሁ አለ፣ እናቲቱን ለሙሽራዋ ተዉላት ብሎ።

ላሜራውን በአመድ ፈትጌ፣ በሰው ሁሉ ፊት በመንደሩ መሐል ተሸክሜ ለሙሃዮ ወሰድኩላት። ጥቀርሻው አለቀቀም፤ የራስ ቅሉ ግማሹ ጠፍቷል። አዲስ ቀለም ቀብተው መልሰው ተከሉት። አሁን በእኛ መንደር ሽማግሌ ሲመጣ ሴቶች ይቆማሉ እንጂ አይወርዱም። መጀመሪያ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ዘንድሮ ግን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ከሩቅ "ቁሙ፣ እኔ እመለሳለሁ" ይላሉ። ክብራቸው ሲቀንስ አላየሁም። በዚያ መንገድ ዳር ከዚያ ወዲህ ሰውም ከብትም አልጎደለብንም።

የምድጃዬን አፍ አሁን በእርጥብ ጆንያ ነው የምሸፍነው። ሙቀት አይይዝም፣ ዳቦውም ጭስ ጭስ ይላል። ሻምሲ ከአንዴም ሁለቴ አዲስ ክዳን ላሠራልሽ ብሎኝ እምቢ አልኩት። እንግዳ መጥቶ ዳቦውን ቀምሶ "ሮዚያ፣ ክዳንሽ የት ሄደ?" ይለኛል። ያን ጊዜ ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ።