የኦክስጅን ማሽኑ ዝም ያለ ቀን

— ሄሎ? … አቤት፣ እትዬ! መልእክቴ ደረሰዎት? … እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ አጠገብዎ ናቸው? … አውቃለሁ፣ ትናንት ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና እንዳደረጉ ሰምቻለሁ። ዓይናቸውን አልፈልግም፣ ጆሯቸውን ብቻ። በሞቴ፣ ስልኩን ይስጡልኝ።

— ጋሼ? … አዎ፣ እኔ ነኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ፣ እርስዎ ይጠግኑት የነበረው የኦክስጅን ማሽን ፊት ቆሜያለሁ። ቆመ፣ ጋሼ። … መብራት አለ። የአየር መጭመቂያውም ደህና ነው። መቆጣጠሪያው ነው ድርቅ ያለው፣ አንድም ቁልፍ አይሠራም። … አጥፍቼ አበራሁት እንጂ፣ ሦስቴ! … የሕፃናት ክፍሉ አሁን በሲሊንደር ነው ያለው። ሲስተር፣ ስንት ደቂቃ አልሽኝ? … ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ጋሼ። ስድስት ልጆች። … ሲሊንደር የጫነ መኪና እየመጣ ነው፣ ግን የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀረዋል።

— በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ላገናኘው? እኔም እሱን ነው ያሰብኩት፣ ገመዱን ሰክቼዋለሁ። ችግሩ ምን መሰልዎት፣ ያ አሮጌው ኮምፒውተርዎ ተቃጥሏል። የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ኮምፒውተር ነጥቄ ነው ያመጣሁት፣ እሷም ተከትላኝ መጥታ እዚሁ ቆማለች። … ሊኑክስ ነው። ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚነጋገረው ፕሮግራም ግን የለውም። … አሁን እንጫነው? በምን ኢንተርኔት? … እኅቴ፣ የስልክሽን ኢንተርኔት አጋሪኝ። … ባትሪሽ አሥራ ሁለት ፐርሰንት ብቻ ነው? ይበቃል፣ ክፈቺው!

— እሺ ጋሼ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቻለሁ። … ሱዶ… ክፍት ቦታ… ኤ-ፒ-ቲ… ኢንስቶል… ሚኒኮም። … ገባ። የይለፍ ቃል ይላል። ያንቺን ነው፣ እኅቴ፣ ጻፊው፣ ዞሬልሻለሁ። … ጋሼ፣ እንዲህ የሚባል ፕሮግራም አላገኘሁም እያለ ነው። … መጀመሪያ አፕዴት? ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም! … ይቅርታ። ይቅርታ፣ ጋሼ። … እየተነፈስኩ ነው፣ እሺ።

— አፕዴቱ አልቋል፣ አሁን ራሱን ፕሮግራሙን እያወረደ ነው… ሠላሳ… አርባ ፐርሰንት… ቆመ። ቆመ! እኅቴ፣ ወደ መስኮቱ ሂጂ፣ ስልኩን ከፍ አድርጊው። ከፍ… እንዲያ! … ሄደ። … ጋሼ፣ ተጫነ!

— ሱዶ ሚኒኮም፣ ሰረዝ፣ ኤስ። … ዝርዝር መጣ። የገመዱን ስም ልጻፍ… ቲ-ቲ-ዋይ፣ ከዚያ ዩ-ኤስ-ቢ በትልቁ ፊደል፣ ዜሮ። … ፍጥነቱ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ። … ገባሁ። ኧረ ጋሼ፣ የማይነበብ ነገር ነው የሚተፋው! የጥያቄ ምልክት፣ ሳጥን፣ ጭራ… … እንዴት አያስታውሱትም? … እሺ፣ ከፍ ላድርገው። መቶ አሥራ አምስት ሺህ ሁለት መቶ። … ፊደል ነው! «የማስተካከያው መረጃ ተበላሽቷል፤ ለመመለስ ኢንተር ይጫኑ» ይላል።

— ተጫንኩት። … ምንም። ደግሜም ተጫንኩት፣ አይሰማኝም። … ገመዱማ ደህና ነው፣ እሱ የሚለውን እኔ አያለሁ፣ እኔ የምለውን ነው እሱ የማይሰማው። … ወደ ዝርዝሩ ተመልሼ ኤፍ? … አገኘሁት፣ «የሃርድዌር ፍሰት ቁጥጥር»፣ «አዎ» ይላል፤ የምጽፈውን የያዘው እሱ ነው? ኤፍን ስጫን «አይ» ሆነ። … ኢንተር። … መለሰልኝ! ጋሼ፣ መለሰልኝ! የይለፍ ቁጥር ጠየቀኝ፣ ስምንት አሃዝ።

— ሲስተር፣ ምን አልሽ? … ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው? አሥር ሲቀር ንገሪኝ።

— ቁጥሩ የት ነው ያለው፣ ጋሼ? … የመቆጣጠሪያው ሳጥን በር ውስጥ? …

— በሩ… ቀለም ተቀብቷል። … ነጭ። … አዎ፣ ውስጡም። … እኔ ነኝ ያስቀባሁት። የተሞነጫጨረ ነገር መስሎኝ፣ ለጉብኝት ሰዎች ሲመጡ እንዲያምር ብዬ።

— አቤት፣ ጋሼ። … በምስማር? ብረቱ ላይ በምስማር ነው የጻፉት? … መብራት ከጎን! ሲስተር፣ የስልክሽን መብራት አብሪና ከጎን ያዢልኝ፣ ከፊት አይደለም፣ ከጎን። … ይታያል! ጥላው ይታያል! ሦስት… ዜሮ… አራት… አራት… ቀጥሎ አንድ… ስምንት… ሁለት… ስድስት። ላስገባ። … «ስህተት። ሁለት ሙከራ ቀርቷል»። … ከዚያ ይቆለፋል? … እና ምን ላድርግ? … አምስተኛው አንድ አይመስልዎትም? ቆይ፣ በጣቴ ልዳስሰው። … አናቱ ላይ አግድም መስመር አለች፣ ቀለም ሞልቷታል። ሰባት ነው! … አስገባሁ።

— ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል…

— «ተመልሷል» አለ። ጋሼ፣ «ተመልሷል» ነው የሚለው። … ቆይ፣ ቆይ… ተነሳ! መጭመቂያው ተነሳ! ሲስተር፣ ሩጪ፣ የክፍሉን መለኪያ አይተሽ ንገሪኝ! … ሁለት ባር… ሦስት… እየወጣ ነው። … ኧረ አላለቅስም። ላብ ነው።

— ምን አለች? … እኅቴ፣ ምን አለች ሲስተር? … ደረሰ? … ልጆቹ ጋ ደርሷል፣ ጋሼ። ስድስቱም ደህና ናቸው። … እርስዎም እፎይ ይበሉ።

— ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልዎት። ያኔ በስብሰባው ላይ፣ እርስዎ በሌሉበት፣ «ማሽኑም ሰውየውም አርጅተዋል» ያልኩት… … ሰምተዋል? … በማግስቱ? ሁለት ዓመት ሙሉ አውቀው ነው በየበዓሉ የሚደውሉልኝ? … ኧረ አያስቁኝ። «ማሽኑ አላረጀም» ነው የሚሉት? ለራስዎ አይከራከሩም? … አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ። ቦታዎን መመኘቴ ነው ያናገረኝ። ከእርስዎ በኋላ ወንበሩን ያዝኩት፣ ቁጥሩን እንኳን ሳልጠይቅ። … አይ፣ «ተይው» አይበሉኝ። … እሺ። እሺ፣ አባቴ።

— ምን? ድምፁን? … እሺ፣ ስልኩን ላስጠጋልዎት። …

— ሰሙት? … ያፏጫል? እኔ አልሰማሁም። … ከግራ በኩል ያለው ቫልቭ? … ቆይ ጆሮዬን ላስጠጋ። … አዎ። አዎ፣ ቀጭን ፉጨት አለ። እርስዎ በስልክ የሰሙትን እኔ አጠገቡ ቆሜ! … ነገ አይደለም፣ አሁን ነው የማጠብቀው። … ቫልቩ ይዞራል፣ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ስልኩን ልዝጋው። … እሑድ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ፣ ደብተር ይዤ፣ ሁሉንም ያስጽፉኛል። … እትዬን ሰላም ይበሉልኝ። ቻው፣ ጋሼ።