ያልደረቀ ጭጋግ

ከደብረ ሲና በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን የቀረ ቤት በረንዳ፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚያ ሲሥል የሰነበተው ናሁሰናይ ዕቃውን እየሸከፈ ነው፤ የቤቱ ባለቤት እማማ ጥሩወርቅ ሸራው ፊት ቆመዋል።

ጥሩወርቅ፦ አላለቀም አልኩህ!

ናሁሰናይ፦ አልቋል እማማ። የሣልኩት እኔ፣ ማለቁን የማውቀው እኔ።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ባሕር ዛፎቹ የታሉ?

ናሁሰናይ፦ ይኸው።

ጥሩወርቅ፦ ይሄ? ይሄማ ጎመን ተደፍቶበት ነው። ቅጠል የለው፣ ግንድ የለው። ውፍረቱ ደግሞ! ሥዕል ነው ወይስ የግድግዳ ምርጊት?

ናሁሰናይ፦ ጭጋግ ውስጥ ያለ ዛፍ ነዋ። ጠዋት ከዚህ በረንዳ ሲያዩት ቅጠሉ ይታይዎታል?

ጥሩወርቅ፦ ባይታየኝስ? መኖሩን አውቃለሁ። የተከለው ባሌ፣ ውሃ ያጠጣሁት እኔ። ነፍሱን ይማረውና ይህን ቢያይ ይስቅብህ ነበር።

ናሁሰናይ፦ ይሳቁ። ከትናንት ወዲያ ሰማዩ ቆሽሿል አሉኝ፣ ነካካሁት። ትናንት ገደሉ አጠረ አሉኝ፣ አስረዘምኩት። ዛሬ ግን ሚኒባስ ያመልጠኛል።

ጥሩወርቅ፦ ሂድ፣ ማን ያዘህ! ግን ይህን ይዘህ ገብተህ፣ የጥሩወርቅ አገር ይሄ ነው ብለህ ለሰው ልታሳይ ነው? ታዋርደኛለህ። ደግሞ ስትሥል አይቼሃለሁ፤ ከሸራው ጋር የተጣላህ ነው የምትመስለው።

ናሁሰናይ፦ ጭጋጉ አይጠብቀኝማ። እጄን ካላፈጠንኩ ያመልጠኛል።

ጥሩወርቅ፦ ቤት ውስጥ ያለችውን የቀን መቁጠሪያዬን አይተሃል? ሥዕል እሷ ናት። ሐይቁ ከነዳክዬው፣ ላባው ሳይቀር ይቆጠራል።

ናሁሰናይ፦ አይቻለሁ። ዓመቱ አልፎበታል እኮ።

ጥሩወርቅ፦ ካለፈበት ቆየ። ለዳክዬው ብዬ ነው ያልነቀልኩት።

ናሁሰናይ፦ አሁንም ቆመው ያዩታል?

ጥሩወርቅ፦ ምኑን አየዋለሁ? ዳክዬው ያው ዳክዬ ነው።

ናሁሰናይ፦ አዩ!

ጥሩወርቅ፦ ምኑን አየሁ? ነገር አታጣምምብኝ።

ናሁሰናይ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አፍንጫዎን ሸራው ላይ አያስደግፉት። ወደ ኋላ ይምጡ።

ጥሩወርቅ፦ እዚህ?

ናሁሰናይ፦ አሁንም። እስከ በሩ ድረስ። ቅጠሉን አይፈልጉት፤ ዝም ብለው ይዩት።

ጥሩወርቅ፦ ዝም ብዬ ማየትማ የዘወትር ሥራዬ ነው... ኧረ!

ናሁሰናይ፦ ምን ታየዎት?

ጥሩወርቅ፦ እየወጣ ነው።

ናሁሰናይ፦ ምኑ?

ጥሩወርቅ፦ ጭጋጉ ነዋ! ከገደሉ ሥር ተነስቶ እየወጣ ነው። ቅድም እኮ ይሄ ነጩ ጭረት ብቻ ነበር። አሁን ባሕር ዛፎቹን አልፎ ወደኔ ሊመጣ ነው። እንዲያውም በረደኝ።

ናሁሰናይ፦ ቅጠሉን አንድ በአንድ ብሥለው ይሄ አይመጣም ነበር። ዛፉም ጭጋጉም ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ እንደ ዳክዬው።

ጥሩወርቅ፦ ያቺ ቡናማዋስ? ከታች ያለችው?

ናሁሰናይ፦ ባዶው ቤት ነው።

ጥሩወርቅ፦ የነሽብሬ ቤት። ቆርቆሮውን ነቅለው አስፋልቱ ዳር ወረዱ። መብራት አለ፣ ሱቅ አለ ብለው። አንድ ጊዜ ብቻ በብሩሽ ጎተት አድርገህ አለፍካት?

ናሁሰናይ፦ አንድ ጊዜ ብቻ።

ጥሩወርቅ፦ እነሱም እንዲሁ ነው የሄዱት። ጠዋት ነበሩ፣ ማታ የሉም። ከነሱ በኋላ ጎረቤት የለኝም።

ናሁሰናይ፦ ልጆችዎስ?

ጥሩወርቅ፦ ይደውላሉ። «ደህና ነሽ?» ይሉኛል፣ ደህና ነኝ እላለሁ። «ደህና ናችሁ?» እላለሁ፣ ደህና ነን ይላሉ። ከዚያ ወሬ ያልቅብናል። እውነቱን ልንገርህ? ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ናፍቆኝ ነበር። እዚህ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ? ጭጋጉ መልስ አይሰጥ።

ናሁሰናይ፦ እኔም ቤቴ የሚጨቃጨቀኝ የለም።

ጥሩወርቅ፦ ሚስት የለህም?

ናሁሰናይ፦ ነበረችኝ። ሄደች።

ጥሩወርቅ፦ መታሃት?

ናሁሰናይ፦ ኧረ በፍጹም! ዝም አልኳት። እሷ ስታወራኝ እኔ በመስኮት ደመና አያለሁ።

ጥሩወርቅ፦ እንኳን ሄደች!

ናሁሰናይ፦ እኔም አልፈርድባትም። ግን ማታ በሩን ከፍቼ ስገባ ዝምታው ያስፈራኛል።

ጥሩወርቅ፦ አንተም ታውቀዋለህ እንዴ... ቅጠሉን ሥራው ልጄ። አንድ በአንድ።

ናሁሰናይ፦ አንድ በአንድማ ከሆነ ዓመት ይፈጃል።

ጥሩወርቅ፦ ይፍጃ! ማን ቸኮለ?

ናሁሰናይ፦ እማማ...

ጥሩወርቅ፦ ምን እማማ ትለኛለህ? ሂድ በቃ፣ ሚኒባስህ ያመልጥሃል። ና፣ በዚህ በኩል ልያዝልህ።

ናሁሰናይ፦ ቀስ! ጠርዙን ብቻ!

ጥሩወርቅ፦ ውይ! እጄን ነጭ በነጭ አደረገው። አልደረቀም እኮ!

ናሁሰናይ፦ የዘይት ቀለም ነው፤ ወፍራም ሲሆን ቶሎ አይደርቅም።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ይህን ይዘህ ሚኒባስ ውስጥ ከጆንያና ከዶሮ ጋር ልትጋፋ ነው?

ናሁሰናይ፦ በካርቶን ከልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ልወስደው ነበር ያሰብኩት።

ጥሩወርቅ፦ ነበር?

ናሁሰናይ፦ ነበር። አሁን ግን የሚሆን አይመስለኝም። እርስዎ ዘንድ ይድረቅ። ዳክዬውን አውርደን እሱ ቦታ እንስቀለው።

ጥሩወርቅ፦ እሺ። ሲደርቅ ደውዬ እነግርሃለሁ።

ናሁሰናይ፦ በስልክ አይሆንም። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እኔው ራሴ እየመጣሁ ማየት አለብኝ።

ጥሩወርቅ፦ እየመጣህ?

ናሁሰናይ፦ በየጊዜው።

ጥሩወርቅ፦ እስከ መቼ?

ናሁሰናይ፦ እንደ ውፍረቱ ነው። ስሱ ቶሎ ይደርቃል። የወፈረው ግን ወራት ይፈጃል።

ጥሩወርቅ፦ የወፈረው ይቆያል?

ናሁሰናይ፦ በጣም ይቆያል።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲያው ምን ቆመህ ታየኛለህ? ባሕር ዛፉ ሳስቷል፤ ብሩሽህን አውጣና ደህና አድርገህ ምረገው!